ሁለቴ ታክስ ከመክፈል ያዳነችን እህታችን ትመስገንልኝ

ወገኖቼ፣ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታክስ የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ለእኔና ለባለቤቴ ያደረገችውን ፈጣሪ ይክፈላት።

ሁለታችንም ሆስፒታል ነው የምንሠራው። ገቢያችን ሲደመር ከገደቡ ስለሚያልፍ ሮት አይአርኤ (ታክስ የተከፈለበት ብር የሚጠራቀምበት የጡረታ አካውንት) ውስጥ በቀጥታ ማስገባት አይፈቀድልንም። ስለዚህ መጀመሪያ ትራዲሽናል አይአርኤ በሚባለው በሌላኛው የጡረታ አካውንት ውስጥ እናስገባና ወደ ሮት እናዛውራለን። ሕጋዊ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ ገቢው የቱንም ያህል ቢሆን ማዛወር ይቻላል። ሮት ደግሞ 59 ዓመት ተኩል ካለፈንና አካውንቱ 5 ዓመት ከሞላው፣ ትርፉም ጭምር ያለ ታክስ ይወጣል።

በ2023 በዚሁ መንገድ 7,500 ዶላር አስገብቼ ወደ ሮት አዛወርኩ። ዕድሜው ከ50 ላለፈ ሰው የዚያ ዓመት ጣሪያ ነበር። ታክስ ከተቆረጠለት ደሞዜ፣ ሌሊት ቆሜ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ብር ነው። የዚያን ዓመት ታክስ የሠራልን ሰው ግን ሙሉውን እንደ አዲስ ገቢ ቆጥሮ ታክስ አስከፈለን። ለምን ስንለው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ሕጉ ነው" አለ። አንድ ወረቀት አላገላበጠም። ለሥራው ያስከፈለን ዋጋማ አይነሳ! በዚያ ላይ የባለቤቴን የድሮ 401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል የተጠራቀመ የጡረታ ብር) በሙሉ በአንዴ ወደ ሮት አዛውሩ እያለ ሲወተውተን ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሷ ጋ የሄድኩት የታክስ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ ኤፕሪል 15፣ ሊደርስ ሲል ነው። ቢሮው በሰው ተጨናንቋል። የዘንድሮውን ከመንካቷ በፊት "ያለፈውን ዓመት ይዘዋል?" አለችኝ። ገጽ በገጽ ገለጠችው። "ፎርም 8606 የት አለ?" አለች። አይአርኤ ውስጥ የገባው ብር ታክስ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳየው ቅጽ ነው። አልነበረም። ከዚያ 1099-አር የሚባለውን፣ አካውንቱን የያዘው ድርጅት ከአካውንቱ ስለወጣው ብር የላከውን ወረቀት አንስታ ጣቷን አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ አሳረፈች። ታክስ የሚከፈልበት መጠን አልተወሰነም የሚል ምልክት ተደርጎባታል። "አዩ እትዬ፣ የላኩት ሰዎች ራሳቸው አልወሰኑም። ይሄ ብር አንዴ ታክስ ተከፍሎበታል። ሁለተኛ አይከፈልበትም።" እንባዬ መጣ።

ስሌቱን እኔን አትጠይቁኝ። ያለፈውን ዓመት አስተካክላ መልሳ ላከችው፤ ያላግባብ የከፈልነው ተመለሰልን።

ከሁሉ በላይ የማልረሳላት ግን ይሄን ነው። ባለቤቴ የማታ ሥራ ገቢ ስለነበር አልመጣም። ቢሮዋን ዘግታ መሄድ ስትችል፣ እረፍት እስኪወጣ ጠብቃ በስልክ፣ በጥሩ አማርኛ፣ ረጋ ብላ አስረዳችው። "ጋሼ፣ 401ኬውን በአንዴ አያዛውሩት። ሙሉው የዚያ ዓመት ገቢዎ ላይ ይደመርና ታክሱ ይከብድዎታል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ አንዴ ከተዛወረ መመለስ የለም። ጡረታ ወጥተው ገቢዎ ሲቀንስ ቀስ በቀስ ያደርጉታል" አለችው። ያን ምሽት ባለቤቴ እፎይ ሲል በስልኩ ተሰማኝ። ተባረኪ እህቴ! እንዲህ ያለ ሰው ያብዛልን።

እባካችሁ፣ ወደ ሮት ያዛወራችሁ ሁሉ የድሮ ወረቀታችሁን አሳዩዋት። ፋይል ከተደረገ ሦስት ዓመት ካላለፈው አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከልና ብር ማስመለስ ይቻላል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከማርች በፊት ሂዱ፣ ኋላ ወረፋው አይቻልም። ያለፉትን ዓመታት ወረቀት አትርሱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።