በቀትር ፀሐይ ቤት ላሳዩኝ የድሬዳዋው ደላላ የቀረበ ምስጋና

በሥራ ዝውውር ከደሴ ወደ ድሬዳዋ ከመጣሁ ሦስተኛ ወር ሆኖኛል። ይህን የምጽፈው እኔን፣ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼንና የደም ግፊት ያለባቸውን እናቴን ደህና ቤት ላስገቡን አንድ አዛውንት ደላላ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና በዚህ ከተማ ቤት ለሚፈልግ ሁሉ እሳቸውን ለመጠቆም ነው። እኔ የምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት ሁለት ሳምንት አልጋ ይዤ ቤት ስፈልግ ቆይቻለሁ። በእነዚያ ቀናት ያገኘኋቸው ደላሎች ገና በር ሳያስከፍቱ የማሳያ ገንዘብ ይቀበሉኝ ነበር፤ አንደኛውም ሌላ ሰው ተከራይቶ ዕቃውን ያስገባበትን ቤት አሳይቶኛል። ጋሼ ግን በመጀመሪያው ቀን «ውል እስክትፈራረም ድረስ ከእኔ ጋር ሒሳብ የለህም» አሉኝ፤ እስከ መጨረሻውም በቃላቸው ጸኑ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው እንዳልከራይ ስላደረጉኝ ቤት ነው። ሁለተኛ ያሳዩኝ ቤት ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነበር፤ ግቢው ሰፊ፣ ኪራዩም ከሌሎቹ ሁሉ የቀለለ በመሆኑ እዚያው ቀብድ ለመስጠት እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ጋሼ ወደ ውጭ ይዘውኝ ወጡና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ደረቅ አሸዋ እያሳዩ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ባለቤቱ አሳይልኝ ስላለኝ አሳየሁህ፤ አንተ ግን የደጋ ሰው ነህና ይህን ወንዝ አታውቀውም።» ከዚያም ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን እንዴት እንደወሰደ ነገሩኝ። በደቡብ በኩል ካሉት ደጋዎች የሚዘንበው ዝናብ ተሰብስቦ የሚወርደው በዚሁ አሸዋ ስለሆነ፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ወንዙ ሊሞላ እንደሚችል ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ መሠራቱን ስጠቅስላቸው «ግንቡስ አለ፤ እናትህ ግን በሌሊት መሮጥ አይችሉም» ብለው መለሱልኝ። የዚያን ቀን ኮሚሽናቸውን በገዛ አንደበታቸው እንዳስቀሩት አልዘነጋም።

ሌላው ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ቤት የሚያሳዩበት ሰዓት ነው። በድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይገባል፤ ጋሼ ግን ማረፊያቸውን ትተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀጥሩኝ ነበር። ጠዋት ሲታይ ቀዝቃዛና ደስ የሚል የነበረ ቤት፣ ኮርኒስ ከሌለው፣ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ግሎ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተን ጥቂት እንድንቆም ያደርጉኛል፤ መስኮቶቹ ነፋስ ያሳልፉ እንደሆነ፣ ቬንትሌተር የሚሰቀልበት ቦታ እንዳለ፣ የመብራት ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ አንድ በአንድ ያዩልኛል። ቧንቧውን ከፍተውም ውሃው በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ላይ የመድረስ ጉልበት እንዳለው አከራዩን ይጠይቁልኛል። የድሬዳዋ ውሃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው በመሆኑ አሮጌ ቧንቧ በቶሎ እንደሚደፈን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው።

«ከዚራ» የሚባለውን ሰፈር በጣም ወድጄው ነበር፤ ቀጥ ያሉት መንገዶቹና የዛፎቹ ጥላ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረችውን ከተማ ዛሬም ያሳያሉ። ኪራዩ ግን ከደመወዜ ጋር ስላልተገናኘ በመጨረሻ ሳቢያን ሰፈር ገባን።

የሳቢያኗ አከራያችን መልካም እናት ናቸው፤ ሆኖም የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠይቀውን ነበር። ጋሼ ሳይቆጡና ሳያሳፍሯቸው፣ «እትዬ» እያሉ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን እንደማይፈቅድ፣ ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሆኖ በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት አስረዷቸው። ምዝገባው ለእሳቸውም መተማመኛ እንደሚሆን ሲነግሯቸው አከራያችን ተስማሙ፤ ገንዘቡንም በባንክ ከፈልኩ። ጋሼ ኮሚሽናቸውን የተቀበሉት ፊርማው ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ከተነጋገርነው ላይም አንድ ብር አልጨመሩም።

በጥድፊያ ቤት ለሚፈልግ ሰው ጋሼ ላይመቹ ይችላሉ፤ አንድ ቤት ለማየት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ ያልወደዱትንም ቤት አልወደድኩትም ይላሉ። እኔ ግን እናቴ በቀትር በሯን ከፍታ በሰላም ስትተኛ ባየሁ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ። ከገባን በኋላም ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀውናል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሮቶው ማንጠባጠቡን አይተው ቧንቧ ሠራተኛ ይዘው ተመለሱ፣ ለዚህም ምንም አልተቀበሉም።

ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት አያነሱም፤ በሌሎቹ ቀናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ። ስትደውሉ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቤት የሚመርጡት ከዚያ ተነሥተው ነው።