ሴቷ ስታድን፦ ስድስት የተከታታይ ገዳይ ፊልሞች ሲመዘኑ

ሴት መሪ ተዋናይ ስለሆነች ብቻ ፊልሙ የሴት ፊልም አይሆንም። ፖስተሩ ላይ ሽጉጥ ደግና ትቆማለች፤ ፊልሙ ሲጀምር ግን ፍንጩን ሁሉ የሚያገኝላት ወንድ ባልደረባዋ ነው፣ መጨረሻም በሩን ሰብሮ የሚያድናት እሱው ይሆናል። የተከታታይ ገዳይ ፊልም ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ገዳዩ ዘንድ ያደረሳት የገዛ ዕውቀቷ ነው ወይስ አጋጣሚ? (ከዚህ በታች የፊልሞቹ መጨረሻ ይነሳል፤ ሳያይ መስማት የማይፈልግ እዚህ ላይ ያቁም።)

በዚህ ሚዛን «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ»ን (1991፣ ዳይሬክተር ጆናታን ደሚ) የሚስተካከል አልመጣም። ሰው ሁሉ የሚያወራው እስረኛውን ሊቅ ስለሚጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ቢሆንም ፊልሙን የተሸከመችው ጆዲ ፎስተር ናት። የምትጫወታት ክላሪስ ስታርሊንግ ገና የኤፍቢአይ ሠልጣኝ ናት። አስከሬን በሚመረመርበት ትዕይንት ላይ የሟቿን ጆሮና ጥፍር ልብ ትላለች፤ ጆሮዋ ሦስት ቦታ ተበስቷል፣ ጥፍሯ ብልጭልጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ስለዚህ ልጅቱ የዚያ ገጠር ሰው ሳትሆን ከተሜ ናት። በኋላም የመጀመሪያዋ ሟች ክፍል ውስጥ ተሰፍቶ ያላለቀ ቀሚስ ታገኛለች። ልብሱ ላይ ያለው የአልማዝ ቅርጽ ንድፍ ከሌላዋ ሟች ጀርባ ላይ ከተገፈፈው ቆዳ ቅርጽ ጋር አንድ ነው። ገዳዩ ልብስ ሰፊ መሆኑን የደረሰችበት በዚህ ነው። መርፌና ክር ይዞ የማያውቅ መርማሪ ያን ቀሚስ አይቶ ያልፈው ነበር።

ካሜራውንም ልብ በሉት። ክላሪስን የሚያናግሯት ወንዶች በቀጥታ ሌንሱን ያዩታል፤ እሷ ስትመልስ ግን ዓይኗ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ያለ ነው። ስለዚህ እየተመዘነች፣ እየተናቀች፣ እየተቃኘች የምትቆምበት ቦታ ላይ የቆምነው እኛው ነን። ከእሱ በኋላ የመጡ ፊልሞች ጨለማውን ምድር ቤትና እስረኛውን ሊቅ ኮረጁ፤ ይቺን የዓይን ነገር ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው ያስተዋሏት። ምድር ቤቱ ውስጥም ቢሆን ገዳዩ በሌሊት በሚያሳይ መነጽር እያየ እጁን ፊቷ ድረስ ሲዘረጋ አታየውም። የሚያጋልጠው ሽጉጡን ሲያቀባብል የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ ነው፤ ወደ ድምፁ ዞራ ትተኩሳለች። ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ወስዷል፤ በትክክልም ይገባው ነበር።

«ኮፒካት» (1995) ሌላ ትልቅ ፊልም በወጣ በሳምንታት ልዩነት ወጥቶ በጥላው ሥር የቀረ ነው። ሲጎርኒ ዊቨር ከቤቷ መውጣት የማትችል የወንጀል ሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሆሊ ሃንተር ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ሆነው ይሠራሉ። ገዳዩ የቀድሞ ገዳዮችን አሠራር ይኮርጃል። የሁለቱ ሴቶች ንትርክ ከገዳዩ ይልቅ ይስባል፤ መጨረሻው ግን የተለመደ ነው።

በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ ነገር ለሚፈልግ «ሃሽ» (2016፣ ማይክ ፍላናጋን) አለ። ማዲ መስማትም መናገርም የማትችል ደራሲ ናት፤ ብቻዋን ጫካ ዳር ትኖራለች። ገዳዩ ጭምብሉን ገና መጀመሪያው አካባቢ ያወልቀዋል፤ ማን እንደሆነ መገመት ቀረና ምን ታድርግ ወደሚለው ተሻገርን ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ምግብ ሲያርርባት የሚጮኸውን የጭስ ማስጠንቀቂያ አትርሱት። እሷ እንድታውቀው ሲባል ከልክ በላይ እንዲጮኽና እንዲያበራ የተገጠመ ነው። በመጨረሻው ትግል ላይ ጆሮ ያለውን ሰው የሚያሰናክለው ያው መሣሪያ ይሆናል። ጥሩ ስክሪፕት ማለት ይሄ ነው፤ የሚያድናት ዕቃ ከመጀመሪያው ፊታችን ተቀምጧል። ፊልሙ ወደ ማዲ ጆሮ ሲገባ ድምፁ ሁሉ ስለሚዋጥ በስልክ ስፒከር ካያችሁት ግማሹን አላያችሁም፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

የሚያስቆጨው «ቴኪንግ ላይቭስ» (2004) ነው። አንጀሊና ጆሊ የወንጀለኛን ባህሪ በመተንተን የተካነች የኤፍቢአይ ባለሙያ ናት ተብሎ ይጀምራል። የሟቹ መቃብር ጉድጓድ ውስጥ ተኝታ ስታስብ እናያታለን፤ ጉድ ነው። ከዚያ አብሯት ያደረው ምስክር ራሱ ገዳዩ ሆኖ ሲገኝ ያ ሁሉ ችሎታ የት ገባ? ደግሞ ምስክሩን የሚሠራው ኢታን ሆክ ነው። ታዋቂ ተዋናይ ተራ ምስክር ሆኖ ከታየ ነገር እንዳለው ተመልካች ድሮ ያውቃል። ባለሙያዋን ሞኝ ሳያደርግ መቀጠል ያልቻለ ሴራ ከመጀመሪያው የተበላሸ ሴራ ነው።

አና ኬንድሪክ ራሷ ያዘጋጀችውና የተወነችበት «ውማን ኦፍ ዘ አወር» ከእውነተኛ ታሪክ ይነሳል፤ ሮድኒ አልካላ የተባለው ገዳይ በ1978 በአሜሪካ የቴሌቪዥን የፍቅር ጨዋታ ላይ ቀርቦ ነበር። የኬንድሪክ ትወና ደህና ነው። የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ግን የእሷ አይደለም። በረሃ ውስጥ ከጥቃት በኋላ የነቃችው ታዳጊ አትጮኽም፤ የሆነውን ለማንም እንዳይናገርባት፣ እንዳፈረች አድርጋ ትለምነዋለች። ገዳዩም ይረጋጋል፤ እሷም ማምለጫ ታገኛለች። ደም ሳይታይ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ትዕይንት ብዙ የለም። ታሪኩን ከዓመት ዓመት እያዘለለ ስለሚቆራርጠው ግን መሃል ላይ ውጥረቱ ይላላል።

«ሆሊ ስፓይደር» (2022፣ አሊ አባሲ) ለልጆች አይደለም፤ ግድያዎቹን ረዘም አድርጎ ያሳያል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። ፋርስኛ ነው፤ ሰብታይትል ያስፈልጋል። መነሻው በ2000 እና 2001 በኢራን ማሽሃድ ከተማ 16 ሴቶችን የገደለው ሰው ነው፤ ጋዜጠኛዋ ራሂሚ ግን ፈጠራ ናት። ገና ስትገባ ሆቴሉ ብቻዋን ለመጣች ሴት ክፍል ለመስጠት ያንገራግራል፤ የሚያስከፍትላት የጋዜጠኛ መታወቂያዋ ነው። ፖሊስ ስላልተንቀሳቀሰ ራሷ መንገድ ላይ ወጥታ ገዳዩ ሞተር ላይ ትቀመጣለች፤ በመኪና የሚከተላት ባልደረባዋ መንገድ ላይ ያጣቸዋል። ሌላ ፊልም ላይ ብቻዋን መግባቷ የስክሪፕት ስንፍና ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ስላየን አማራጭ እንዳጣች እናውቃለን። ዛር አሚር ኢብራሂሚ በካን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ያገኘችው በዚህ ሚና ነው። ገዳዩ ተይዞ ከተፈረደበት በኋላም አትነሱ፤ ራሂሚ በአውቶቡስ ስትመለስ የቀረጸችውን ቪዲዮ ከፍታ ታያለች፣ የገዳዩ ትንሽ ልጅ አባቱ እንዴት ያንቅ እንደነበር በእህቱ ላይ እያስመሰለ ያሳያል።