ሳምሰንግ 870 ኢቮ፦ አራቱ ፓርቲሽኖቼ አብረው ካለቁ በኋላ የገዛሁት

የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። አሮጌው ላፕቶፔ ውስጥ የነበረው ሃርድ ዲስክ አራት ቦታ (ፓርቲሽን) ተከፍሎ ነበር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ኤፍ። ዲ ላይ ሥራዬን አስቀምጣለሁ፣ ኢ ላይ ደግሞ የዲን ኮፒ። ባክአፕ መሆኑ ነው እንግዲህ!

አንድ ቀን ጠዋት ከላፕቶፑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ አራቱም አብረው ጠፉ። የአንዲት ሙሽራ መልስ ዲም ላይ ኢም ላይ ነበር፤ ከሁለቱም አልተረፈም። ስደውልላት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ከዘመዶቿ ስልክ የተለቃቀመውን ቆራርጬ ሰጠኋት። ግማሹ ስልክ አቁመው የቀረፁት ነው።

በምትኩ ሳምሰንግ 870 ኢቮ፣ ባለ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) ገዛሁ። ዊንዶውስ የጫነልኝ ልጅ «ስንት ቦታ ልክፈልልህ?» አለኝ። ለምን ስለው፣ «ሲ ላይ ብዙ ስለሚጻፍ ቶሎ ያልቃል፤ ሌላው እንዳይጎዳ ነው» አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማምነው።

ፓርቲሽን ግን ዲስኩን አይቆርጠውም። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ አለች። ሲ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ፣ ዲ ከዚህ እስከዚህ ብላ ትመዘግባለች፤ በቃ። አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ እንደመክፈል ነው። መብራት ሲጠፋ ከመጋረጃው ወዲህም ወዲያም ይጨልማል።

በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ሞተሩ አንድ ነው። የሚያነቡት ራሶችም አብረው ነው ወዲህ ወዲያ የሚሉት፤ ለሲ የተመደበ፣ ለዲ የተመደበ የለም። እንዲያውም ከዲ ወደ ኢ ኮፒ ባደረግኩ ቁጥር ራሶቹን በሁለቱ መሀል ሳመላልሳቸው ነበር። አንድ እውነት ብቻ አለች። ሲ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ዳታው በሚጻፍበት ተሽከርካሪ ሳህን ውጫዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ በአንድ ዙር ብዙ ዳታ ስለሚያልፍ ይፈጥናል። ፍጥነት ነው እንጂ ዕድሜ አይጨምርም።

ኤስኤስዲ ላይ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። በሰንጠረዧ ላይ ያለው ቁጥር ከትክክለኛው ቦታ ጋር አይገናኝም። ውስጡ ያለው ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲስኩን የሚመራው ቺፕ፣ ብዙ ያልተጻፈበትን ሴል (ዳታ የሚቀመጥባትን ጥቃቅን ክፍል) እየፈለገ ያስቀምጣል። ለወራት ያልተነካ ፋይል እንኳ አንስቶ ሌላ ቦታ ያዛውራል። ዛሬ የሲ የነበረ ሴል ነገ የዲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲ ለብቻው አያልቅም፤ ዲስኩ ተያይዞ ነው የሚያረጀው።

ሳምሰንግ ለባለ 500 ጊጋው የሚሰጠው ዋስትና ለ5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። እኔ በ14 ወር ውስጥ 19 ቴራ ጽፌበታለሁ፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቼ ነው ያየሁት። በዚህ አካሄድ 5 ዓመቱ ይቀድማል። ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራቸውን ትንንሽ ድብቆች ካልቆጠርን ፓርቲሽኑ አንድ ብቻ ነው። ወደ 50 ጊጋ ሁልጊዜ ባዶ እተዋለሁ፣ ኮንትሮለሩ መፈናፈኛ እንዲያገኝ። ኮፒው አሁን ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነው፤ እሱም የሚቀመጠው ኮሞዲኖ ውስጥ ነው።

ዲስኩ ራሱስ? ድሮ ላፕቶፑን አብርቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ነበር የምመለሰው። አሁን ወንበር ስስብ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ቅር ያለኝ በሌላ ነው። ፓኬቱ ውስጥ ብሎን የሚባል ነገር የለም። ውፍረቱ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ለ9.5 የተሠራ ስለሆነ ቦርሳዬን ባነሳሁ ቁጥር ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። የራሱን ካርቶን ቆርጬ፣ ሁለቴ አጥፌ ሥሩ ወተፍኩለት። ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿ የካርቶኑ ናት።