«ሦስት አይበቃም፣ ሃያ ነው የምወስደው» ያለችኝን የእንስሳት ሐኪም ላመስግን

የአዳማና የአካባቢዋ ዶሮ አርቢዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው።

ቦኩ ሸነን አካባቢ ቦቫንስ ብራውን የተባሉ 600 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ከሒሳብ መምህርነት ጡረታ ስወጣ የጀመርኩት ሥራ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ በቀን 530 ይጥሉ የነበሩት በአንድ ሳምንት 390 ገቡ። የጠየቅኩት ሁሉ «ሙቀቱ ነው» አለኝ፤ የአዳማን ሚያዝያ ለሚያውቅ ነገሩ ያሳምናል። አንድ መድኃኒት ሻጭ ደግሞ ዶሮዎቹን ሳያይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሸጠልኝ፣ ለውጥ ሲጠፋ ሌላ ጨመረልኝ። እኔም እሺ ብዬ ገዛሁ።

ሐኪሟን ያገኘኋት በጎረቤት በኩል ነው። ከባጃጅ ወርዳ በሩ ላይ ጫማዋን በቦቲ ቀየረች። ዶሮዎቹን ከማየቷ በፊት የዕለቱን እንቁላል አስመጣች። ቡናማው ነጣ ብሏል፣ አንዳንዱ ቅርፊት ተጨማዷል። አንዱን ሳህን ላይ ሰበረችው፤ ነጩ እንደ ውሃ ሳህኑን ሞልቶ ፈሰሰ፣ አስኳሉ ብቻውን ቀረ። «እትዬ፣ ሙቀት ቅርፊት ያሳሳል፤ ይሄ ግን ሙቀት ብቻ አይመስለኝም። ቫይረስ ከሆነ ደግሞ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ያቁሙት» አለችኝ።

ደም እንውሰድ ስትል ፈራሁ። በ1998 ዓ.ም. በወፍ ጉንፋን ወሬ ብቻ ሰው ዶሮና እንቁላል የሸሸበትን ጊዜ አልረሳሁም። የእኔ ዶሮዎች ተመረመሩ ከተባለ ማን ይገዛኛል? ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ሻይዋን እየጠጣች ፍርሃቴን ሰማችና ቱቦዎቿን መደርደር ጀመረች።

ሦስት ዶሮ አይበቃም ወይ አልኳት። «ከመንጋው ስድስተኛው እጅ ተይዞ ቢሆን፣ ሦስት ብቻ ወስጄ አንድም የማላገኝበት ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ሃያ ከወሰድኩ ቢያንስ አንዷን የማግኘት ዕድሌ ከ95 በመቶ በላይ ነው» አለች። ማታ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ልክ ናት።

ሃያዎቹን ለመያዝ ከሚመቸው ጥግ ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው መረጠች። ክንፋቸውን ገልጣ ከውስጥ በኩል ካለችው ሰማያዊ ደም ሥር ሁለት ሁለት ሚሊ ቀዳች። ቱቦዎቹን ጥላ ሥር ጋደም አድርጋ ደሙ እስኪረጋ ጠበቀች፤ ሲረም የሚባለው ቢጫ ፈሳሽ ሲለይ እሱን ቀድታ በበረዶ ሳጥን ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ላቦራቶሪ ላከችው። ያልተለየ ደም ፍሪዘር ከገባ ሴሉ ፈንድቶ ናሙናው እንደሚበላሽም ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ውጤቱ 12 ቀን ፈጀ፤ እዚህ ላይ ትዕግስት ይጠይቃል። ከሃያው አራቱ ኢንፌክሽየስ ብሮንካይተስ ለሚባለው ቫይረስ አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) ተገኘባቸው። እኔ በቃ ታወቀ ብዬ ነበር፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። አንቲቦዲ ከክትባትም ከበሽታም ይመጣል፤ ስለዚህ ቄቦቹን ወደ ሸጠልኝ ሰው ደውላ የክትባት ካርዱን አስነበበችው። ማሬክስ፣ ፈንግል፣ ጉምቦሮ፣ ፈንጣጣ፤ ብሮንካይተስ የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእነዚያው ዶሮዎች ደግማ ወሰደች (እግራቸው ላይ ቀይ ክር አስራ ነበር)። አራት የነበሩት 18 ሆኑ። ቫይረሱ ቤቴ ገብቶ እየዞረ እንደነበር ያኔ ነው እርግጠኛ የሆንነው።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነገርም ወጣ። የፈንግል ክትባት ሰጥቼ ነበር፤ ግን በደም ምርመራው የአንዳንዶቹ የፈንግል አንቲቦዲ መጠን ዝቅተኛ፣ ከ1:16 በታች ነው፣ የሌሎቹ በጣም ከፍ ያለ። «ክትባቱን በምን ውሃ ነው የበጠበጡት?» አለችኝ። በቧንቧ ነዋ! ለካ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቀድሞ መግባት ነበረበት፣ ዶሮዎቹም ተጠምተው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊጨርሱት ይገባ ነበር። የእኔ ገንዳ እስከ ማታ ሙሉ ነበር። ካገገሙ በኋላ በትክክል ደገምነው።

አሁን በቀን 470 ደርሻለሁ። 530 ላይመለስ እንደሚችል ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ለብሮንካይተስ የሚሆን መድኃኒት የለም ብላ አንድ ጠርሙስ እንኳ አልሸጠችልኝም፤ ያስከፈለችኝ የድካሟንና የላቦራቶሪውን ብቻ ነው።

ስልኳን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ጠዋት ጠዋት እርባታ ውስጥ ስለሆነች አታነሳም፣ ከሰዓት ደውሉ። የክትባት ካርዳችሁንም ከመደወላችሁ በፊት ፈልጉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።