ባለ ሽቦው ማዳመጫዬና ኡቡንቱ፦ ከስምንት ወር በኋላ

«አንተ፣ ጋን ውስጥ ገብተህ ነው እንዴ የምታወራው?»

እንዲህ ያለችኝ ቨርጂኒያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ያኔ የነበረኝ የብሉቱዝ ማዳመጫ ነው። ሙዚቃ ሲከፈትበት ግሩም ነበር። ጥሪ ስጀምር ግን የሷም የኔም ድምፅ ይታፈናል። ጥፋቱን ሁሉ ላፕቶፔ በሚሠራበት ሥርዓተ ክወና፣ በሊኑክስ ላይ ሳላክክ ከረምኩ፤ ኡቡንቱ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው።

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ብሉቱዝ ሙዚቃ የሚያጫውትበት ኤቱዲፒ የሚባለው ፕሮፋይል (የአሠራር ዘዴ) ጥሩ ድምፅ ያደርሳል፤ ማይክ ግን የለውም። ማይኩ ሲፈለግ ማዳመጫው ኤችኤፍፒ ወደሚባለው የጥሪ ፕሮፋይል ይዞራል። እዚያ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና ነው፤ ናሙና ማለት ድምፁ አንድ ጊዜ ሲለካ ነው፣ ሲበዛ ድምፁ ይጠራል። ለሙዚቃ የለመድነው 44 ሺህ 100 ወይም 48 ሺህ ነው። በብሉቱዝ እያዳመጥኩ በላፕቶፑ ማይክ ለማውራትም ሞከርኩ። እህቴ የሰማችው የላፕቶፑን ፋን ነው።

ተስፋ ቆርጬ መርካቶ ወረድኩና ባለ ሽቦ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማዳመጫ ገዛሁ። ድምፁን የሚያስተናግድ የራሱ ሳውንድ ካርድ ውስጡ አለ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ሰካሁት፣ ድራይቨር የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ምናምን ሳይል ሠራ።

ችግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አለቀ ማለት አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ የዩኤስቢውን ማይክ መርጬ እንኳ ብራውዘሩ የድሮውን የላፕቶፕ ማይክ ይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ፓቩኮንትሮል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። ጥሪው እየተካሄደ ትከፍቷታላችሁ። የቀረጻው ገጽ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ማይክ እየሰማ እንደሆነ ያሳያል፤ እዚያው ትቀይሩታላችሁ። ጥሪው ከተዘጋ ግን ገጹ ባዶ ነው። እኔ መጀመሪያ ጥሪ ሳይኖር ከፍቼ «ይቺ ደግሞ ምንም አትሠራም» ብዬ ዘግቻት ነበር። ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ ድምፁን የሚያስተናግደው ፓይፕዋየር የሚባል የውስጥ ፕሮግራም ነው፤ ፓቩኮንትሮል የተሠራችው ለቀድሞው፣ ለፐልስኦዲዮ ቢሆንም ከፓይፕዋየርም ጋር ትግባባለች። ድምፁ ጭራሽ ሲጠፋብኝ ላፕቶፑን አላጠፋም። ፓይፕዋየርንና አጋዡን ዋየርፕላምበርን ብቻ፣ ትእዛዝ ከሚጻፍበት ከተርሚናል እንደገና አስነሳቸዋለሁ።

አንድ ቀን ግን ይሄም አልሠራም። የሥራ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ማንም አይሰማኝም። የድምፅ መጠን ማስተካከያዋን አልሳሚክሰርን ከፈትኩ፣ ማይኩ አልተዘጋም። ሁሉን አስነሳሁ፣ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። 20 ደቂቃ ሄደ። ለካ ሽቦው ላይ ያለችውን የማይክ መዝጊያ በክርኔ ተጭኛታለሁ! የኔዋ ማይኩን እዚያው ማዳመጫው ላይ ስለምትዘጋ ኡቡንቱ ወሬውም የለው። አሁን መጀመሪያ የማያት እሷን ነው።

ማይኩ ሁሉን ይሰማል፣ ይሄ አይመቸኝም። እናቴ ቡና ስትወቅጥ ዘነዘናው ቨርጂኒያ ይደርሳል። የማይኩን መጠን ወደ 60 ከመቶ ሳወርደው ትንሽ ቀለለ። ማዳመጫው ጆሮም ያሞቃል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አላደርገውም። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ የጆሮው ልባስ እየተላጠ ጥቁር ቅርፊት አንገቴ ላይ ያራግፋል። ስፖንጁን ለብቻው የሚሸጥ ካገኘሁ ሌላ ማዳመጫ አልገዛም።