ፎርድ ሬንጀር 3.2 በጣርማበር ዳገት

ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1903 አቋቋመ፤ በ1908 ሞዴል ቲን አወጣ፤ በ1913 ደግሞ በተንቀሳቃሽ መስመር መገጣጠም ጀምሮ መኪናን ለገበሬም የምትደርስ አደረጋት። የዚሁ ኩባንያ ፒክአፕ ሬንጀርም የሥራ መኪና ናት።

ከሸዋ ሮቢት ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመላለስ፣ ባለ 3.2 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር ሁነኛ ነው። አምስት ሲሊንደር፣ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። ሙሉ የመጎተት ኃይሉን በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ ስለሚሰጥ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጥምዝምዝ ዳገት ነዳጅ መርገጥ አያሻም። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ግን ያካክሳል። ሲወርዱ ከጣርማበር ዋሻ እንደወጡ ማርሽ መቀነስ ነው፤ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ደብረ ሲና ሳይደርስ የፍሬኑ ሸራ ይሸታል።

ትልቁ ጥንቃቄ ዘይት ሲቀየር ነው። ብዙ ጋራዥ ዘይቱ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ የማፍሰሻ ቡሎኑን ከፍቶ ይተወዋል። ለዚህ ሞተር ይህ መርዝ ነው! ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ የዘይት ፓምፑ ባዶውን ይቀርና አየር ይስባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ያለ ዘይት ይፋተጋል። ስለዚህ አዲሱ ፊልትሮና 9.75 ሊትር ዘይት ቡሎኑ ሳይፈታ አጠገብ ይቅረቡ። ከተነሳ በኋላ የዘይት መብራቱ ካልጠፋ ወዲያው ማጥፋት፤ ነዳጅ እየሰጡ መጠበቅ ሞተሩን ያስነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል።

የራዲያተር ውኃ ፍሳሽ ሳይታይ ከጎደለ፣ የጭስ መላሹን (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ክፍል) ማቀዝቀዣ አስፈትሹ፤ ሲሰነጠቅ ውኃውን ወደ ሞተር ያስገባል።

ዘይት ቀያሪውን አጠገቡ ቆሞ ለሚያይ ባለቤት፣ ግዙ እንላለን።