ክራቴር ሲገዙ፦ ከአራቱ ቅርጾች የትኛው ለምን ይሆናል?

የጥንት ግሪኮች ወይንን ሳይበርዙ መጠጣት ያልሠለጠነ ሰው ልማድ ነው ይሉ ነበር። በግብዣቸው ላይ ክራቴር የሚባለው ሰፊ ዕቃ ይቀመጥና ወይኑ በውሃ ይበረዝበታል፤ አሳላፊው ከዚያ እየቀዳ ለእንግዶቹ ያድላል። ዛሬ ሸክላ ሠሪዎች የሚሸጧቸው ቅጂዎች በአብዛኛው ከአራት ቅርጾች አንዱን ይይዛሉ።

የምር ሊጠጡበት ከሆነ የደወል ቅርጽ ያለውን ይግዙ። ከአራቱ በመጨረሻ የመጣው እሱ ነው፤ አፉ ሰፊ ስለሆነ ጭልፋውም እጅዎም እስከ ታች ይገባሉ። ሁለቱ ጆሮዎች ከሆዱ በላይ ስለተጣበቁ ሲያነሡት አይንጋደድም።

ካሊክስ የሚባለው ግድግዳው እንደ አበባ ወደ ላይ የሚከፈት ነው። ሥዕል የሚወዱ ይህን ይመርጣሉ፤ ጎኑ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ ትልቅ ትዕይንት ይይዛል። ጆሮዎቹ ግን ከታች ናቸው፤ ሞልተው ካነሡት ክብደቱ ከእጅዎ በላይ ይሆንና ይገለበጣል።

ከቆሮንቶስ የመጣው ባለ ዓምድ ጆሮ ጠንካራ ይመስላል፤ ደካማው ቦታ ጆሮው ከትከሻው የሚገናኝበት ነው። ቀጭኑ ጆሮ ከወፍራሙ ሆድ ቀድሞ ስለሚደርቅ እዚያ ይሰነጠቃል። መጋጠሚያውን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ከትከሻው ሥር የሚቀር አተላም ለማጠብ ያስቸግራል።

ጥምዝ ጆሮ ያለው ለዕይታ ነው፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1844 ኢጣሊያ ውስጥ ኪውሲ አጠገብ የተገኘውና 66 ሴንቲ ሜትር የሚቆመው የፍራንሷ ክራቴር የዚህ ወገን ነው። ጥምዙ ከከንፈሩ በላይ ስለሚወጣ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው፤ በጆሮው ተይዞ መጓጓዝ የለበትም።

መጠኑን በእንግዳ ይለኩ። ለ12 ሰው 12 ሊትር ብርዝ ካሰቡ፣ በጥንቱ ልማድ ከነበሩት ልኬቶች በአንዱ፣ በ3 ውሃ ለ1 ወይን፣ 9 ሊትር ውሃና 3 ሊትር ወይን (አራት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ) ይገባል። ሲያማስሉት እንዳይፈስ 16 ሊትር የሚይዝ ይምረጡ። የዛሬው ባለ 13 በመቶ አልኮል ወይን በዚህ ልክ ሲበረዝ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፤ ቀጠነ የሚል እኩል በእኩል ይበርዘው። ብርዙ ብቻውን 12 ኪሎ ገደማ ነውና ዕቃውን መጀመሪያ ቦታው አስቀምጠው ይሙሉ።

ከቅርጹ ይልቅ ብዙ ገዢ የሚሸወደው በቁሱ ነው። የጥንቱ ጥቁር ቀለም ረቂቅ ጭቃ ነው፤ እቶኑ ውስጥ አየር እየተሰጠው፣ እየተነፈገውና ዳግም እየተሰጠው ይጠቁራል። ለቱሪስት የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ይቀባል። አልኮል የነካ ጥጥ ከሥር በኩል ይሹበት፤ ጥጡ ከጠቆረ ለመደርደሪያ እንጂ ለወይን አይሆንም። ውስጡን ደግሞ በውሃ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያሳድሩት፤ ጠዋት ወረቀቱ ከራሰ ሸክላው ያልባል። ውስጡ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እርሳስ (መርዛማው ብረት) የሌለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ።

እውነተኛ ጥንታዊ ነው ተብሎ ከቀረበልዎ እ.ኤ.አ. ከ1970 በፊት ከአገሩ መውጣቱን የሚያሳይ ሰነድ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1972 በ1 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን፣ የጥንቱ ሠዓሊ ኤውፍሮኒዮስ የሣለውን ካሊክስ ክራቴር በ2008 ለኢጣሊያ መልሷል።